የዘጠነኛ ክፍል አባቶች

መስከረም 6፣ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ዛሬም በምዝገባ መስኮቴ ሁለት አባት ያዝኩ። ሁለቱም ኪራይ።

አንደኛው ከእህል ተራ የመጣ ጆንያ ተሸካሚ። ጋቢ ተውሶ ለብሷል፤ ከጋቢው ሥር የኳስ ማሊያ ይታያል። የልጁ አባት ነኝ ይላል። እንኳን አባት ሊሆን የልጁ ታላቅ ወንድም ለመሆንም ዕድሜው አይበቃም። ሁለተኛው የባሰ። አረቄ አረቄ ይሸታል፣ የ"ልጁን" ስም እጁ መዳፍ ላይ ጽፎ መጥቷል። አልቦት ጠፍቶበት መዳፉን ወደ መስኮቱ እያዞረ ሲያነብ ያዝኩት። አቤት የሳቅሁት ሳቅ!

አየሽ ደብተሬ፣ ልጆቹ ተንኮለኛ ናቸው። ደብዳቤዬ "ያለ ወላጅ ምዝገባ የለም" ይላል። እውነተኛው አባት አረም ላይ ነው፣ ወይ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ወይ ልጁ ሊማር መምጣቱን አልፈቀደም። ስለዚህ ቡሬ መነኸሪያ ወርደው ለአንድ ሳህን ፍርፍር አባት ይከራያሉ። መታወቂያ አምጣ ብትዪው፣ ቀበሌው ተዘግቷል ይልሻል። እውነትም ተዘግቷል።

እኔ ግን መላ አለኝ። የእናት ስም ያጠናሉ፣ የጎጡን ስም ያጠናሉ። የክርስትና ስም የሚያጠና የለም። ወንዱን በአርባ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀኗ ቄሱ ያወጡላትን ስም የማያውቅ ምን አባት ነው? ልጁን ከውጭ አቆማለሁ፤ አባትዬውን ለብቻ እጠይቃለሁ። ከዚያ ልጁን። ካልገጠመ፣ በሩ ያውና።

ተማሪዎቹ ከኋላዬ "ኮሶ" ይሉኛል። ይበሉ። ኮሶ መድኃኒት መሆኑን አላወቁ።

መስከረም 7፣ ረቡዕ

ር/መ/ሩ ፍኖተ ሰላም ለስብሰባ ከመሄዱ በፊት ቢሮ ጠራኝ። "የጸደይ መልእክት ለወላጆች" ያልኩትን አንብቦ ቁጣ ቁጣ ይላል አለኝ። ምኑ? የደንብ ልብስ፤ ስልክ ክልክል፤ ሴትና ወንድ አንድ ቤት እንዳይከራዩ፤ ስንቅ በየሳምንቱ ቅዳሜ ገበያ እንዲላክ፤ በመጀመሪያው ሰልፍ ስሙ ተጠርቶ "አቤት" ያላለ ቦታው ለተጠባባቂ እንደሚሰጥ። የቱ ነው ቁጣ? ለአዲሶቹ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ጨምሪበት አለኝ። ጨመርኩ። መጨረሻ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል።

እሑድ በየደብሩ ከቅዳሴ በኋላ ይነበባል። በየሰበካው ያሉ ቄሶች ለኛ ከፖስታ ቤት ይበልጣሉ።

መስከረም 8፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

የዛሬው ደግሞ የሁሉም ቁንጮ!

የውብዳር አያሌው የምትባል። ከሽንዲ መንገድ ገባ ካለ ቀበሌ። የስምንተኛ ውጤቷን አይቼ መነጽሬን አወለቅሁ፣ እንዲህ ያለ ውጤት እዚህ መስኮት ላይ አይቼ አላውቅም። አጠገቧ ረዥም ቀጭን ሰው። ኮንጎ ጫማ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ፣ ዱላውን እንደ ሕፃን አቅፎታል። ሲናገር አፈር አፈር ያያል። በልቤ፣ ይሄኛው ደግሞ ጥሩ ተዋናይ ነው አልኩ።

ልጅቱን አስወጣሁ። የክርስትና ስሟን ጠየቅሁት።

እጁን አየ። መስኮቱን አየ። ላብ ግንባሩ ላይ። በመጨረሻ ወለተ ማርያም አለኝ። ደብተሬ፣ ኪራዮቹ ሁሉ ወለተ ማርያም ነው የሚሉት! ልጅቱን አስገባሁ። ወለተ ሐና አለች፣ ሳታመነታ።

ለሌላውም ትምህርት ይሁን ብዬ ደጅ ወጣሁ። ዋንዛው ሥር ሰልፉ ረዥም ነው፤ ግማሹ የነሱ አገር ሰው። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ይህ ሰው አባትሽ አይደለም! ሂጂና እውነተኛውን አምጪ!" አልኳት። ሰልፉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ ሽማግሌ የሆነ ነገር ጣል አደረገ፤ የአገራቸው ሰዎች የባሰ ሳቁ። ምን እንዳለ አልሰማሁትም።

ሰውየው አልተከራከረም። ይህም ማስረጃ ነው፤ እውነተኛ አባት ቢሆን ዱላውን ያነሳብኝ ነበር። ጋቢውን አጣፋ፣ ሄደ። ልጅቱ ትንሽ ቆማ ቆማ፣ ወረቀቷን መሬት ጥላ ተከትላው ሮጠች።

ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

መስከረም 9፣ ዓርብ

ዝናብ። ያቺ ልጅ በር ላይ ቆማ ዋለች። አልገባችም፣ አልሄደችም። ነጠላዋ ረጥቦ ተጣብቆባታል። በሩን እንዳትዘጋ፣ አባቷን ካላመጣች እንዳትመለስ ላክሁባት። የላክሁት ልጅ ተመልሶ አባቴ እሱ ነው ትላለች አለኝ። እኔ ደግሞ ንግሥተ ሳባ ነኝ በላት አልኩት።

አሁን ሳነበው አላሳቀኝም። ቢሆንም አልሰርዘውም።

መስከረም 13፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት



ጋሼ ዳምጤ፣ የት/ቤቱ ዘበኛ፣ ትውልዳቸው የዚያች ልጅ ቀበሌ ነው። ባለፈው ሳምንት ሙሉ አልነበሩም፤ ዘመድ ሞቶባቸው ለቅሶ ላይ ሰንብተው ዛሬ ገቡ። ቢሮዬ መጥተው ቆባቸውን አወለቁ። ቁጭ ይበሉ አልኳቸው፣ አልቀመጥም አሉ።

ያባረርሽው አያሌው ነው አሉኝ። ራሱ አያሌው። አባቷ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው ጎጆ በወጣ በዓመቱ ሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወረደ። ወባ ጣለው፣ ዓመት ቀረ። ሲመለስ ልጅ ተወልዳ፣ ክርስትና ተነስታ፣ ስሟም ወጥቶላት ጠበቀችው። በአገሩ ወር የሚቆጥር ጎረቤት አይጠፋም። ቆጠሩ። በጠላ ቤት በቅኔ ነገሩት፣ በደቦ ላይ በዘፈን ነገሩት። እሱ ግን ልጄ ናት አለ፣ ጨረሰ። የክርስትና ስሟን አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም፤ ምክንያቱም ከጠየቀ እንዳልነበረ ያስታውሳል። አሥራ አምስት ዓመት ተሸክሞ አሳደጋት። ወሬውም ሞቶ ነበር።

ሐሙስ እኔ ቀሰቀስሁት። ያ ሽማግሌ ከኋላ ጣል ያደረገው ነገር፣ "መቼም የተማረ ሰው አይሳሳትም" ነው አሉ።

እናትየውን በማግስቱ ወደ ወላጆቿ ቤት ሸኝቷታል። አልተማታም፣ አልጮኸም። አህያ ጭኖ ሸኛት። ልጅቱ ያን ሁሉ ዝናብ በር ላይ የቆመችው መግቢያ ቤት ስላልነበራት ነው።

ጋሼ ዳምጤ ላይ ጮህኩባቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አልኳቸው፣ ሽበታቸውን ሳላፍር። ቆባቸውን አድርገው ወጡ።

መስከረም 14፣ ረቡዕ

እሺ፣ ምን ላድርግ? ቢያውቅ ኖሮስ! የልጁን የክርስትና ስም የማያውቅ አባት በራሱ ጥፋተኛ አይደለም? እኔ ሕግ ነው ያስከበርኩ። ተጭበርብሮ ሲገባ ዝም ብል ደግሞ ሰነፍ እባል ነበር። የስንቱን አስመሳይ አባት መለስኩ! አንዱ ቢሳሳት ምን ይደረግ?

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው፣ ገባኝ።

ለር/መ/ሩ ነገርኩት። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኛ በመመሪያ ነው የምንሠራው አለና ስለ ኖራ ቅብ ማውራት ጀመረ። ሳያውቅ የኔን ቃል መለሰልኝ፤ ከሱ አፍ ስሰማው ግን ጠላሁት።

መስከረም 15፣ ሐሙስ

ጋሼ ዳምጤን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ከመስቀል ማግስት አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው። ሽማግሌ ያስፈልገኛል። ድንጋይ መሸከም ትችያለሽ ወይ አሉኝ። እችላለሁ አልኩ። ትከሻሽን አላልኩም አሉ።

መስከረም 18፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ባጃጁ ጭቃው ጋ ጣለን። ከዚያ በእግር። ሜዳው ሁሉ አደይ ነው፣ እኔ እግሬን ብቻ ነው ያየሁ።

የደረስነው ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ነው። አወቁኝ። ማንም ምንም አላለም፣ መንገድ ለቀቁልኝ ብቻ። ከአያሌው አጥር ደጃፍ ድንጋይ አንስቼ ማጅራቴ ላይ አደረግሁና ተንበረከክሁ። እሱ ከቤት ወጥቶ እየሮጠ መጣ፤ ድንጋዩን በሁለት እጁ አወረደልኝ። የእግዜር እንግዳ ብሎ አስገባን። መደብ ላይ ቆዳ አነጠፈ። ጠላ በራሱ እጅ ቀዳ፤ ቤቱ ውስጥ ሴት የለማ። የውብዳር በሩ ጥግ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። አላየችኝም።

ጋሼ ዳምጤ በወጉ ተናገሩ። እኔም ተናገርኩ። ኪራይ አባቶችን፣ መዳፉ ላይ የጻፈውን፣ ወለተ ማርያምን፣ ሁሉንም። ግምት ነበር አልኩት። ስለ አንተ አንዳች የማውቀው የለኝም ነበር አልኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ፤ አንዴም አላቋረጠኝ።

ይቅር ብያለሁ አለ። ለአንቱ ቂም የለኝም አለ። ከዚያ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ የጠላውን ዋንጫ በእጁ እያዞረ፣

"ጎረቤት ቢናገር ምቀኛ ነው እላለሁ። ዘመድ ቢናገር ርስት ፈልጎ ነው እላለሁ። አንቱ ግን አያውቁኝም። የማያውቀኝ ሰው ለምን ይዋሽብኛል?"

ጥያቄውን እንዳለ እዚህ ገለበጥኩት። ሃያ ዓመት አስተማሪ!

ትማር አለ። አልከለክልም፣ ስንቋንም እልካለሁ፣ ልጅቱ ምን አጠፋች። በኔ ስም ግን አትጠራ። ሲጠሯት አቤት እንዳትል ነግሬያታለሁ። የስምንተኛ ሰርተፊኬቷ ላይ ያለው ያንተ ስም ነው፣ እኔ መለወጥ አልችልም አልኩት። እሱ የአንቱ ጉዳይ ነው አለና ዋንጫዬን ሞላልኝ። ጋሼ ዳምጤ ስለ እናትየው ሊያነሱ ሞከሩ። ዝናቡ ዘንድሮ ለጤፉ መልካም ነው ብሎ መለሰላቸው።

ልጅቱን ይዤ ተመለስኩ። ስንቋን በአገልግል ጀርባዋ ላይ አዝላለች፣ ልሸከምልሽ ብላት እምቢ። መንገዱን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። ተሳስቼ ነው ብለው ቢጽፉና ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ ቢያነቡትስ አለችኝ። አሰብኩ። ሐሙስ ዕለት ያልሰማው ሁሉ ያን ቀን ይሰማል አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ልጅ ናት፣ ግን ገብቷታል። ባይገባት ይሻለኝ ነበር።

እኔ ቤት እደሪ አልኳት። የአገሯ ልጆች የተከራዩት ቤት እንደምታድር ነገረችኝ። አመሰግናለሁም አላለች። ለምን ትበል!

መስከረም 19፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት

የአቀባበል ሰልፍ። ባንዲራ ተሰቀለ። ር/መ/ሩ ለአዲሶቹ ተናገረ፣ ረዘመ፣ አንዲት ልጅ ወደቀች፣ ውሃ ሰጠናት። ከዚያ ስም ጥሪ፣ የኔ ሥራ። ሀ፣ ለ፣ እያልኩ ወረድሁ። አቤት፣ አቤት፣ አቤት።

የውብዳር አያሌው።

ዝም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት። አዲስ ደንብ ልብስ፣ ትልቅ ሆኖባታል። ትክክል ዓይኔን እያየች ነው። ከንፈሯ ግጥም።

ደገምኩ። የአገሯ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው መሳቅ ጀመሩ። አንዱ ጎረምሳ፣ "እሷስ አለች፣ አባትየው ነው የሌለ" አለ። ሳቁ እስከ አሥረኛ ክፍል ሰልፍ ደረሰ። ጎረምሳውን አስወጥቼ ላንበረክከው ነበር። ግን ምን ብዬ? ያለውን የተማረው ከኔ ነው።

ሦስተኛ ጠራሁ። ድምፄ ተሰበረ፤ ሳል አስመሰልሁት። እንባዋ በአፍንጫዋ ጎን ወረደ፣ አልጠረገችውም። አባቷ አትበይ ብሏታል፤ አላለችም። ከዚህ በላይ የአባት ልጅ ከየት ይመጣል!

በደብዳቤዬ ሕግ ቦታዋ ለተጠባባቂ ነው። ስሟ ፊት "አለች" ብዬ ጻፍኩ። ቀጣዩን ጠራሁ።

አስቤበታለሁ። የአባቷን ስም ትቼ ብጠራት ወሬውን አጸደቅሁት። ከነአባቷ ብጠራት በየጠዋቱ ላስለቅሳት ነው። እሷን ብቻ ለይቼ ባልጠራትም ያው ነው።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ በ9ኛ ክፍል በስሙ የሚጠራ የለም። ሁሉም በተራ ቁጥር። ር/መ/ሩ ለምን አለኝ። ይፈጥናል አልኩት፤ አመነኝ። ወላጆች ልጆቻችንን እንደ እስረኛ ቆጠረቻቸው ይላሉ። ይበሉ። ዝርዝሩን ከቀትር በፊት በሩ ላይ እለጥፋለሁ።

የውብዳር 41 ናት።