ጩኸቱ ከሬዲዮው ይቀድማል

ውድ እህቴ ኮሪን፣

የእጅ ጽሕፈቴን ስታዪ ደብዳቤውን ሳትከፍቺ ልትቀዳድጂው እንደምትችዪ አውቃለሁ። እባክሽ ታገሺኝ። ድምፄ ከቅዳሜ ጀምሮ ተዘግቷል፤ ብደውልልሽም የሚሰማሽ የቁራ ጩኸት ነው። አሸንፈናል፣ ኮሪን። ዴልመርን፣ በሜዳችን፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ። ይህን በቴሌቪዥን አይተሽው ይሆናል። እኔ የምነግርሽ ያላየሽውን ነው።

መኪና ማቆሚያው ገና በማለዳው ጢም ብሎ ነበር። የሚጠበሰው የአሳማ ጎድን ጢስ፣ የማርሽ ባንዱ ከበሮ፣ ወርቃማ ሸሚዝ የለበሰው ሕዝብ፣ ሁሉም እንደምታውቂው ነው። ሰማያዊ ለባሾቹ የዴልመር ሰዎች ከመኪናቸው ሳይወርዱ “እናንተ በቅሎዎች፣ አባታችሁ ማነው?” አሉን። የኮሌጁ ፉትቦል ቡድናችን የሃርገት በቅሎዎች ከተባለበት ቀን ጀምሮ ይህቺን ስድብ አልቀየሯትም። ሎሬታ፣ ያቺ ከፊታችን የምትቀመጠው የሰንበት ትምህርት አስተማሪ፣ ፊቷን ግማሽ በግማሽ ወርቃማ ተቀብታ፣ የጥብስ መቆንጠጫዋን እንደያዘች ዞር አለችና፦

“እናታችን ፈረስ ናት። እርግጫዋን ከሰዓት በኋላ ታዩታላችሁ” አለቻቸው።

አንቺም እኔም ኮሌጁን ለትምህርት ረግጠነው አናውቅም። አባባም ጣሪያውን ጠገነ እንጂ አልተማረበትም። ቢሆንም ቅዳሜ ሲመጣ ደሜ ይፈላል፤ ስልሳ ዓመት ሞልቶኝም አልበረደልኝም።

ሦስቱ ወንበሮቻችን አሁንም የእኛ ናቸው። እኔ አሥራ አራተኛው ላይ እቀመጣለሁ። ያንቺ አሥራ አምስተኛውና የአባባ አሥራ ስድስተኛው ባዶ ናቸው። ለሰው ሸጬአቸው አላውቅም። ከኋላችን ሚስተር ሃብሰን አሉ፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ የተቀቀለ ለውዛቸውን ዛሬም አንገቴ ላይ ያራግፉታል።

ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው በአምስት ነጥብ እየተመራን ነበር። ኳሷ በእኛ እጅ ናት። ልክ ያኔ ሚስተር ሃብሰን ትከሻዬን ያዙ። ዞር ስል ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ፀሐዩ መትቷቸዋል።

“አይዞህ፣ ምንም አልሆንኩም። አንተ እንዳትነሳ” አሉኝ።

የአባባን ሕግ እሳቸውም ያውቁታል። በመጨረሻው፣ በአራተኛው ሩብ ጨዋታ ከወንበሩ የተነሳ የቡድኑን ገድ ይሰብራል። እኔ በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ተነስቼ አላውቅም። የተነሳሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ተነሳሁ።

“ዶይል፣ አብደሃል?” አለች ሎሬታ። “ከተሸነፍን ነገ ቤተክርስቲያን እንዳላይህ።”

ሰዓቱ በየመሃሉ ስለሚቆም የቀረችው ሁለት ደቂቃ ሩብ ሰዓት እንደምትፈጅ ታውቂያለሽ፤ ሽማግሌውን ደግፌ ደረጃውን ወረድኩ። መኪናቸው ውስጥ አስገብቼ ቀዝቃዛ ውኃ አጠጣኋቸው፣ አንገታቸው ላይ በረዶ አደረግሁ። ፊታቸው ቀላ ሲል መጀመሪያ ያደረጉት ሬዲዮውን መክፈት ነበር። ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ሰው “ሰባት ሰከንድ... ኳሷ በአየር ላይ ናት...” ይላል። እሱ ሳይጨርስ ከስታዲየሙ የመኪናውን መስታወት ያንቀጠቀጠ ጩኸት ተነሳ። በሬዲዮው ኳሷ ገና አልወረደችም፤ እኛ ግን አውቀናል። ጩኸቱ ከሬዲዮው እንደሚቀድም ያንን ሁሉ ዘመን አላውቅም ነበር። እኔ ሁልጊዜ ውስጥ ነኛ። አለቀስኩ፣ ኮሪን፤ እንደ ሕፃን።

ሚስተር ሃብሰን ክላክሱ ላይ ተጋድመው አንባረቁት። ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠረጉና፦

“እዚህ ቦታ መኪና አቁሜ ለዴልመር ጨዋታ ክላክስ ስነፋ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ውሸት ነበር” አሉ።

“የምን ውሸት?”

“የእህትህ ነዋ። የማታውቅ አልመሰለኝም።”

ከዚያ ነገሩኝ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አባባ ደረጃውን መውጣት አቅቶት፣ መኪናው ውስጥ ሬዲዮ ሲያዳምጥ፣ እየመራን ሳለ “አባባ ብቻውን ነው” ብለሽ ተነሳሽ። እኔ “ከተነሳሽ እንሸነፋለን” አልኩሽ። ሚስተር ሃብሰን ያኔ ሚስታቸው ታማባቸው ከአባባ መኪና አጠገብ በራሳቸው መኪና ውስጥ ነበሩ። ስታዲየሙ ድንገት ጸጥ ሲል፣ ሬዲዮው ሽንፈቱን ሳይናገር አጠፋሽው አሉ። ከመኪናው ዘለሽ ወርደሽ “አሸነፍን፣ አባባ፣ አሸነፍን” እያልሽ ጨፈርሽ። ከዚያ ሚስተር ሃብሰንን በዓይንሽ ለመንሻቸው።

“እኔ ሽንፈቱን በራሴ ሬዲዮ ሰምቻለሁ” አሉኝ። “ግን የልጅቷን ዓይን አየሁና ክላክሱን ነፋሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዕድሜዬ ከዚያ ሌላ ለሽንፈት ነፍቼ አላውቅም።”

እኔ እየነደድኩ ስወርድ መኪናው ፊት ቆመሽ “ለአባባ ምንም እንዳትለው” ያልሽኝ ለዚህ ኖሯል። እኔ ግን ፊትሽን ላለማየት ከሌላ ሰው ጋር ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሰኞ ሆስፒታል አባባ እጄን ይዞ “ዶይል፣ አየሃቸው አይደል? እንዴት አድርገን እንደሸኘናቸው” ሲለኝ መድኃኒቱ ነው የሚያናግረው ብዬ ነበር። ማክሰኞ ሞተ። ቀብሩ ላይ፣ በሰው ፊት፣ ገደ ቢስ ብዬ ሰደብኩሽ። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ አልጠይቅሽም፤ መቼ የመናገሪያ ፋታ ሰጠሁሽ።

አባባ አሸናፊ ሆኖ እንዲሞት ያደረግሽው አንቺ ነሽ። እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ወንበር ጠበቅሁ። ይቅር በዪኝ፣ እህቴ።

እሑድ መቃብሩ ጋ ሄጄ ውጤቱን ነገርኩት። የዘንድሮውን ብቻ። የዚያን ዓመቱ አንቺ እንደነገርሽው ይቆይ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ሜዳችን ላይ እንጫወታለን። ትኬቱን ፖስታው ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ ወንበር አሥራ አምስት። ለውዙን እኔ አመጣለሁ። በአራተኛው ሩብ መነሳት ካሻሽ ተነሺ፤ እኔም አብሬሽ እነሳለሁ።

ዘግይቶ የተነሳው ወንድምሽ፣
ዶይል