የነገርሽኝ ከተማ

ውድ ናፊያ፣

የአላህ ሰላም በቤትሽም በዚያች በተሰበረችው እግርሽም ላይ ይሁን።

ስልክ አለን፣ መደወልም እችላለሁ። ትናንትም ደውዬልሽ ነበር። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «ዝናብ ጣለ?» «ጣለ።» ተባብለን ዘጋን። ስልክ ላይ ሁለታችንም ገበያ መሃል እንደጠፋ ሰው እንጮሃለን እንጂ አንነጋገርም። ስለዚህ ቅዳሜ ሙሳ ጫት ይዞ ሲመጣ ይህን ወረቀት አስይዘዋለሁ። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ስለሆንሽ ስህተቱን እያረምሽ እንደምታነቢው አውቃለሁ።

ሳኒ በአንቺ ላይ አግብቶኝ ሶፊ ገጠር ያስገባኝን ሰሞን ታስታውሻለሽ? አማርኛ አንድ ቃል አላውቅም ነበር። አንቺ ኦሮምኛውን እንደ እኛው ብትናገሪውም፣ ማታ ማታ ብቻሽን ስትሆኚ በአማርኛ ታንጎራጉሪያለሽ። ምን እንደምትይ ለማወቅ ስል ነው አስተምሪኝ ያልኩሽ። ትንሽ ለመድኩና አንድ ቀን «እርስዎ» ብዬ ብጠራሽ እንባሽ እስኪመጣ ሳቅሽ። «አንድ ባል ተካፍለን እርስዎ ምንድን ነው? አንቺ በይኝ» አልሽ። ሰው ጣውንት ሲባል ጠብ ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን ከባሌ ይልቅ ከአንቺ ጋር የኖርኩ ይመስለኛል። ሳኒ፣ አላህ ይማረውና፣ ወይ እርሻው ላይ ነው፣ ወይ መንገድ ላይ ነው። ለሁለታችንም ልጅ አልተሰጠንም። የቀረን ወሬ ነበር።

ወሬውም ሐረር ነበረች። ጀምበር ስታዘቀዝቅ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ጫት እያሰርን፣ አንቺ የተወለድሽባትን ከተማ ትነግሪኛለሽ። ከወሎ የመጡት አባትሽ ላምባ የሚሸጡባትን ጠባብ ሱቅ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ታች ሲወረድ ግድግዳው ሰማያዊ የሆነውን ቤታችሁን፣ ዝናብ ሲጥል መንገዱ ወንዝ ሆኖ አንድ እግር ጫማሽን የወሰደብሽን ቀን። ከዚያች ከተማ ነበር በልጅነትሽ ተድረሽ ሶፊ የገባሽው። እኔ ሐረርን የማውቃት ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ጫታችንን አራግፈን አይሱዙው እስኪነሳ ድረስ ብቻ ነበር። ግን ሌሊት በሕልሜ ጀጎል ውስጥ እሄዳለሁ። መንገዱ ይጠባል፣ ይጠባል፣ ከዚያ በትከሻዬ ሁለቱንም ግድግዳ እየነካሁ እነቃለሁ።

ሳኒ ሞተ። የመበለትነት ጊዜያችንን፣ ዒዳችንን፣ ጨረስን። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ ወንድምየው ሙሳ እኔን ያግባ፣ ቤቱም መሬቱም አይበተን ብለው ወሰኑ። ያን ዕለት ማታ ወደ ቤቴ መጣሽ።

«ሙሳ ክፉ ሰው አይደለም» አልሽኝ። «አግቢውና እንደነበርነው እንኑር።»

«ናፊያ፣ የት መኖር ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም።»

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?»

ይህን ብለሽ ወደ በሩ ሄድሽ። ከዚያ ዞር ብለሽ «እሺ፣ የት ትሄጃለሽ?» አልሽ።

«ሐረር።»

ፊትሽ ሲለወጥ አየሁት። ቁጣ መሰለኝ። «ከሄድሽ ይሄን ቤት እርሺው» ብለሽ ወጣሽ። በማግስቱ ልሰናበትሽ ስመጣ ገና ሳይነጋ እርሻ ወርደሻል አሉኝ። ከወዲያ ማዶ ጫቱ መሃል ሻሽሽ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ተጣራሁ። ቀና አላልሽም።

በኤረር በር ገባሁ። ወላሂ ናፊያ፣ አይቼው የማላውቀውን ከተማ አስታወስኩት! ነጩ ግድግዳ፣ አረንጓዴው ግድግዳ፣ በሮቹ ተከፍተው ሲታዩ ከውስጥ ያለው ቀይ መደብ፣ ድንጋዩ ላይ የሴቶቹ ነጠላ ጫማ ድምፅ። ሁሉንም አንድ ጊዜ የኖርኩበት ያህል ነበር። ቤት ስፈልግ ስዞር ውዬ የደከመኝ እንኳ አልታወቀኝም። ሃጂያ ዋፊቃ የሚባሉ የጀጎል ሴትዮ ደርብ ላይ ያለች ትንሽ ክፍላቸውን አከራዩኝ። ከየት ነሽ፣ የማን ነሽ ብለው ብዙ ጠየቁኝና በመጨረሻ «ባልሽ የት ነው?» አሉኝ። «አልፏል» አልኳቸው። «የኔም» አሉና ቁልፉን ሰጡኝ።

ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ መኪና ግርግር፣ ስትነግሪኝ «ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ» ትይው የነበረው፣ እውነትሽን ነው። ግራና ቀኝ ስፌት መኪናው ሲንጣጣ ሰው እየሄደ ሊያንቀላፋ ይችላል። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄድኩ ሥራ ጠየቅኩ። አብዱልፈታ የሚባል ሰፊ፣ በእኔ ዕድሜ የሚሆን ሰው፣ እጄን ዘርግቼ እንዳሳየው አዘዘኝ።

«ይሄ የጫት እጅ ነው» አለ።

«አዎ።»

«ቁልፍ መትከል ይችላል?»

«ይችላል።»

አንድ ሸሚዝ ወረወረልኝ። «እንግዲህ አበላሽተሽ አሳዪኝ።»

አላበላሸሁትም። የትራስ ልብስ በጥልፍ ያስጌጥንባቸው ክረምቶች ለዚህ ነበሩ ለካ። በረንዳው ጥግ ላይ አስቀመጠኝና ቁልፍ መትከል፣ ጠርዝ መዘምዘም ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። ጠዋት ከደርቡ እወርዳለሁ፣ ቀኑን ሙሉ በድሪያ፣ በዚያ ስስ የሴቶች ቀሚስ ጨርቅ ውስጥ እዋኛለሁ፣ ቀዩ፣ ብጫው፣ ውኃ ሰማያዊው እግሬ ላይ ይፈስሳል። መግሪብ ሲደርስ አዛኑ ከዚህም ከዚያም ተቀባብሎ ይነሳል፣ እኔም በዚያ ድምፅ ውስጥ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ስሄድ ለአንቺ እያወራሁ ነው። «አየሽው ናፊያ፣ ይሄኛው በር አዲስ ቀለም ተቀብቷል» እላለሁ። አንዳንዴ ድምፄ ይወጣና ሰው ዞር ብሎ ያየኛል። ደስተኛ ነበርኩ፣ ደስታዬን የምነግራት ሰው ደግሞ አኩርፋኛለች።

ከዚያ ሙሳ መጣ። የአብዱልፈታ በረንዳ ፊት ቆሞ ላቡን እየጠረገ፣ ቶሎ መናገር አቅቶት ሳየው ተነሳሁ።

«ናፊያ ከእርከኑ ላይ ወደቀች። እግሯ ተሰብሮ ሆስፒታል አስገብቻታለሁ።»

መርፌውን የት እንዳስቀመጥኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ስንደርስ ጀሶ እያሰሩልሽ ስለነበር ኮሪደሩ ላይ እኔና ሙሳ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ያ ሁሉ ነገር ከሆነ በኋላ ጎን ለጎን ስንቀመጥ የመጀመሪያችን ነው። ሁለታችንም መሬት መሬቱን እናያለን።

«ዘሀራ፣» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እውነቱን ልንገርሽ? እኔም ፈርቼ ነበር።»

«ምኑን?»

«አንቺን ማግባቱን። የወንድሜን ቤት በር ማለፍ እንኳ ጨንቆኝ ነበር። ሽማግሌዎቹን እምቢ ማለት አቃተኝ። አንቺ ስትሄጂ ሁለት ረከዓ ሰግጄ አመሰገንኩ።»

እዚያ፣ ሰው በሚያቃስትበት ቦታ፣ አፋችንን በእጃችን ይዘን ሳቅን። ነርሷ ወጥታ ገሰጸችን።

ሐኪሙ በየሳምንቱ ተመላለሺ ስላለሽና የሶፊ መንገድ በዚያ እግር ስለማይሞከር፣ ሙሳ በባጃጅ ወደ እኔ ቤት አመጣሽ። ደርቡን መውጣት ስላልቻልሽ ሃጂያ ዋፊቃ ራሳቸው ቀዩ መደብ ላይ አነጠፉልሽ። እኔንም ከጎንሽ። እንግዲህ ያን ሰሞን ያደረግሽውን ልንገርሽ? ከአጠገብሽ ተቀምጬ ሻይ ስሰጥሽ አንቺ ወደ ሃጂያ ትዞሪያለሽ።

«ሃጂያ፣ ስኳሩ በዝቷል በሉልኝ።»

ሃጂያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ስኳሩ በዝቷል ትልሻለች።»

«ሰምቻለሁ። እቀንሳለሁ በሉልኝ።»

«ትቀንሳለች።»

ሃጂያ ለጥቂት ቀን ታገሱንና አንድ ጠዋት ተነሥተው ቆሙ። «ያ ረቢ! እኔ በስተርጅና አስተርጓሚ ልሁን? ሁለት የአንድ ሰው ሚስቶች ሲኳረፉ አይቼ አውቃለሁ፣ ባልየው ከሞተ በኋላ የሚኳረፉ ግን እናንተን አየሁ!» ብለው በሩን ዘግተውብን ወጡ። አንቺ ኮርኒሱን አየሽ። እኔም አየሁ። ከዚያ «ስኳሩ አሁን ልክ ነው» አልሽኝ። በቀጥታ ለእኔ። ሻዩን እስክትጨርሺ እንባዬን አልጠረግሁም፣ ብጠርገው ታይኛለሽ ብዬ።

ጀሶው ተፈታ። ከዘራ ይዘሽ መራመድ ስትጀምሪ የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ነው፣ ቤታችንን ልየው አልሽ። ከቀትር በኋላ ነበር፣ ደመና ያለበት፣ ግድግዳው ሁሉ ጥላ የሌለው ቀን። ክንዴን ይዘሽ ከፈረስ መጋላ ቁልቁል ወረድን። ቀስ ብለን ነው የሄድነው፣ እንደ ሕልም። «እዚህ ጋ ይታጠፋል» አልሽ። ታጠፍን። ግንብ ነበር። «አይ፣ የሚቀጥለው ነው።» የሚቀጥለው ላይ የስልክ መጠገኛ ሱቅ አለ። በሩ ላይ የቆመውን ሰውዬ «ድሮ እዚህ ላምባ የሚሸጡ ሰው ነበሩ፣ ከወሎ የመጡ» አልሽው። ሰውየው በአክብሮት «እናቴ፣ እኔ እዚህ ከመጣሁ ቅርብ ነው» አለሽ። እንደገና ተመለስን፣ እንደገና ወረድን። አንድ ግድግዳ ላይ መዳፍሽን አሳረፍሽ፣ ብዙ ቆየሽ። ሰማያዊ አልነበረም። ምናልባት ነበረ፣ ከኖራው በታች። ማወቅ አይቻልም።

«እዚህ መሆን ነበረበት» አልሽ።

የአንድ ሰው ቤት ደረጃ ላይ ቁጭ አልን። የምታለቅሺ መሰለኝ። አንቺ ግን ከዘራሽን ጉልበትሽ ላይ አጋድመሽ እንዲህ አልሽኝ።

«ሙሳን አግቢ ያልኩሽ ለአንቺ አስቤ አልነበረም፣ ዘሀራ። ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። መሄድሽን እችለው ነበር። ድሬዳዋ ብትይኝ፣ ጅጅጋ ብትይኝ ስንቅ አስሬ እሸኝሽ ነበር። ሐረር አልሽኝ። ሐረር የኔ ነበረች! ሃያ ዓመት የነገርኩሽን ነገር ይዘሽ የወጣሽ መሰለኝ። ቀናሁብሽ። አስተግፊሩላህ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ቀናሁ።»

እጅሽን ያዝኩ። ያን ሁሉ ወር በልቤ የያዝኩትን አወጣሁት። «እዚሁ ቅሪ፣ ናፊያ። ሃጂያ ደስ ይላቸዋል። እኔም ሥራ አለኝ። አብረን እንኑር፣ በተወለድሽበት።»

መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየሽው። አንዲት ሴት ትሪ ተሸክማ አለፈች፣ ሰላም አለችን፣ ከእኔ ጋር እንተዋወቃለን። አንቺ አየሻት፣ ከዚያ እኔን አየሽኝ፣ ፈገግ አልሽ።

«የኔዋ ሐረር ይቺ አይደለችም። የኔዋን ሶፊ በረንዳ ላይ ስቀመጥ ነው የማያት፣ እዚያ ጥርት ብላ ትታየኛለች። ይቺ ያንቺ ናት። ደግሞም» አልሽ፣ «አሁን ሶፊ ያለው ቤት የኔ ነው። የአባቴ አይደለም፣ የባሌ አይደለም፣ ሽማግሌዎቹም ለእኔ ትተውታል። የራሴ ቤት ሲኖረኝ የመጀመሪያዬ ነው። ሄጄ ልኑርበት እንጂ!»

እኔ አዲስ ሕይወት የጀመርኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፣ ናፊያ።

ሙሳ መጥቶ ወሰደሽ። ሃጂያ ዋፊቃ እስከ ባጃጁ ድረስ ወርደው «ይቺ ሴትዮ ስትሄድ ቤቱ ባዶ ሆነ» አሉኝ፣ ተከራያቸው እኔ መሆኔን ረስተው።

አሁን ያለውን ልንገርሽና ላብቃ። ባለፈው ሰኞ አብዱልፈታ የቆየውን ስፌት መኪና ዘይት ቀብቶ ወደ እኔ ገፋው። «ቁልፍ ሌላ ሰው ይተክላል» አለኝ። የመጀመሪያ ቀሚሴን ሰፋሁ፣ ትከሻው ላይ ትንሽ ጎብጧል፣ የቀሚሱ ባለቤት ግን አላየችም። ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስሄድ ፈረስ መጋላ ላይ ጓዟን በፌስታል የያዘች አንዲት ሴት አስቆመችኝ። ከገጠር እንደመጣች አቧራዋ ይናገራል።

«እህቴ፣ የዚህ አገር ሰው ነሽ?» አለችኝ በኦሮምኛ።

እጄ ገና ጨርቅ ጨርቅ ይሸታል። ከዚህም ከዚያም የሰው ድምፅ ይመጣል፣ ሰማዩ ከጣሪያዎቹ በላይ ጽጌረዳ መስሏል፣ እኔ ደግሞ ለትንሽ ጊዜ የምትጠይቀው እኔን መሆኑ አልገባኝም ነበር።

«አዎ» አልኳት። «የት ልውሰድሽ?»

የፈለገችው ቤት ስንደርስ እጄን ይዛ ዱዓ አደረገችልኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን ለአንቺ ሳልነግር መተኛት አልቻልኩም።

ለዒድ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ። ልክሽን ስለማውቀው ድሪያ እየሰፋሁልሽ ነው፣ ቀለሙን አልነግርሽም። ስመጣ እንደ ድሮው በጓሮ በኩል ዘው ብዬ አልገባም። በፊት ለፊት ቆሜ አንኳኳለሁ። አንቺም «ማነው?» በይ፣ ከመደብሽ ሳትነሺ፣ እግርሽን ሳታስጨንቂ። እኔም ስሜን እናገራለሁ፣ ከሐረር የመጣሁ እንግዳ ነኝ፣ የቤቱ እመቤት ከፈቀደች ልግባ እላለሁ።

ያንቺው ዘሀራ
ጀጎል፣ ሐረር

ስህተቱን በቀይ አታርሚ።