ሳይሞላ የሚሠራው ሰዓት

ቦንጋ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1991 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፀደንያ፣ አዋሳ

ሰላምታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስሽ። ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እዚህ ቡናው መቅላት ጀምሯል፤ ዝናቡ ግን ገና አልለቀቀንም። ፊደሌ ቢጣመምም ራሴ ነኝ የጻፍኩት። ይህን በሌላ ሰው አላጽፍም።

ለፋሲካ መጥተሽ «ሁለታችሁም አዋሳ ኑና እኛ ጋ ኑሩ» ስትይን ክንዴን ዘርግቼ ሰዓቴን አሳየሁሽ። «ይኸው ይሠራል፤ ደሜ ገና ትኩስ ነው፤ የማንም ጥገኛ አልሆንም» አልኩሽ። እናትሽ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ በባሏ የኮራች መስሎኝ።

ይህ ሰዓት እንደምታውቂው ሳይሞላ የሚሠራ ነው። የሸጠልኝ የጅማ ነጋዴ በክንድ ሙቀት ነው የሚሄደው ብሎኝ፣ ይህንኑ አምኜ አረጀሁ።

ነሐሴ ላይ እናትሽን፣ ዙፋኔን ቀበርን። ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል ሰዓቱ ቆመ። ደሜ ቀዘቀዘ፣ ተራዬ ደረሰ አልኩ። ለማንም አልተነፈስኩም። ክንዴን በጋቢ ጠቅልዬ እሳት ዳር ብውል ጋቢዬ ተለበለበ እንጂ ሰዓቱ አልተነሣም።

ገበያው ዳር ሰዓት የሚጠግነው ወልደሥላሴ ፈታታው፣ በቤንዚን አጠበው፣ ዘይት ቀባው። እሱ ክንድ ላይ ሳምንት ሙሉ ሠራ። እኔ ክንድ ላይ በማግስቱ ቆመ። ተናድጄ ተመለስኩ። «የውስጡን ውድ ድንጋይ አውጥተህብኛል» አልኩት ሰው ፊት።

«ጋሼ፣ ምኑን አወጣዋለሁ? ውስጡ የሚወዛወዝ ብረት አለ፤ ክንድ ሲንቀሳቀስ እሱ ይሞላዋል። ሙቀት አይደለም። ቀኑን የት ይውላሉ?»

«ቤቴ ነዋ።»

«ቁጭ ብለው?»

«ታዲያ እስክስታ ልውረድ?»

ሳቀ። «እግርዎ ከተሰበረ ሦስት ዓመት ሆነዎት። እስከ ነሐሴ ማን ሞላልዎት?»

 ደግፋ ያመጣችኝ ጎረቤታችን ይመኙሻል ናት የመለሰችለት። «እትዬ ዙፋን ናቸዋ» አለች፣ ዓይኗን ከእኔ አሽሽታ።

ማታ አውልቄ ትራሴ ሥር ሳስቀምጠው፣ እናትሽ ጎህ ሲቀድ ትወስደው ኖሯል። ከክርኗ በላይ አስራ በቀሚሷ እጅጌ ትሸፍነዋለች። እንጨት ስትፈልጥ፣ እንሰት ስትፍቅ፣ ስትወቅጥ ክንዷ ላይ ይቆያል፤ እኔ አርፍጄ ስነቃ ትራሴ ሥር አገኘዋለሁ። ሲሠራ።

«ለምን አይነግሯቸውም ስላቸው» አለች ይመኙሻል፣ «‹ተዪው፤ ይህችን እንኳ ይኩራባት› ይሉኝ ነበር።»

ወልደሥላሴን ይቅርታ ማለት አልሆነልኝም፤ ማር ላክሁለት። የተቧጨረውን መስታወት ልቀይረው ሲለኝ ግን አይነካ አልኩት። ስንቱን ቀን «ማነው የቧጨረብኝ» ብዬ እናትሽ ላይ ጮኬአለሁ። እሷ እንጨቷን መፍለጥ ትቀጥላለች።

አንድ ቀን እንኳ ቀድሜያት ነቅቼ ባየኋት ኖሮ እላለሁ። ክንዷን ይዤ «አንቺው እሰሪው፣ አትደብቂው» እላት ነበር። እላት ነበር ወይ? እንጃ። ይልቅ እቆጣት ነበር። ይኼኛው ይብስብኛል።

ይመኙሻል «ጠዋት ጠዋት እኔ ልሰርልዎት» ብትለኝ እምቢ አልኳት። አሁን ቆሞ ተቀምጧል። እኔም ካልደገፉኝ ከበረንዳው አልወርድም፤ ለማንም ግን እንዳትነግሪ።

ሰዓቱ ያንቺ ነው። በሹፌር አልልከውም፤ ራስሽ መጥተሽ ውሰጂው። ክንድሽ ላይ እሰሪው፤ የወንድ ነው የሚልሽን አትስሚ።

አዋሳ ኑ ስትይን እምቢ ያልኩት ደሜን ተማምኜ ነው። ስትመጪ እንደገና ጠይቂኝ። መጀመሪያ እምቢ እላለሁ፤ ታውቂኛለሽ። ሁለተኛ ጠይቂኝ።

የእናትሽ አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።

አባትሽ
ገብረወልድ ሣህሌ