ስለ ጭቃ ሰፈሩ ሊቀመንበር ስለ አቶ ዋጋሪ ጆቴ ዕረፍት

ከጨፌ ሌንጫ ከተማ የጭቃ ሰፈር ነዋሪዎች መረዳጃ ማኅበር
ግንቦት 2 ቀን 1963 ዓ.ም.

የማኅበራችን መሥራችና ሊቀመንበር አቶ ዋጋሪ ጆቴ ባደረባቸው ሕመም ሚያዝያ 27 ቀን 1963 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ማረፋቸውን ለአባላት፣ በነቀምቴና በጉቴ ላሉ ወዳጆቻቸው፣ እንዲሁም ለከተማችን ማዘጋጃ ቤት የምናስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ጽሑፎቻችንን ሁሉ የሚጽፉልን እርሳቸው ስለነበሩ፣ ይህ መግለጫ ጉድለት ቢገኝበት ይቅርታ እንጠይቃለን።

አቶ ዋጋሪ በነቀምቴ ደብዳቤ በማደል አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግለው በ1950 ዓ.ም. ወደ ከተማችን መጡ። ጎጆ የቀለሱበት ሰፈር ግን በማዘጋጃ ቤቱ ፕላን ላይ ባዶ ሣር ነበር። ሣሩ ላይ ስልሳ ሦስት ቤት መቆሙን ለማስረዳት ሰባት ዓመት ደጅ ጠንተዋል። የመዝገብ ቤቱ ሹም አቶ ወልደዮሐንስ ደንብ አክባሪ ሰው ስለሆኑ፣ ፕላን ላይ ከሌለ ሰፈር ማመልከቻ እንደማይቀበሉ፣ አድራሻ የሌለው ደብዳቤም ከቢሯቸው እንደማይወጣ በትሕትና ይመልሱላቸው ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የሰፈሩን የመጀመሪያ የጋራ ሽንት ቤት አሠሩ። ቆርቆሮ ክዳን፣ የሳንቃ በርና ቁልፍ ያለው ቤት በሰፈሩ ይኸው ብቻ ስለነበረ፣ አባላት ለእንግዳ ይሁን ብለው ሁለት ዓመት ቆልፈው አኖሩት። እንግዳ አልመጣም። በመጨረሻ ባለቤታቸው ወይዘሮ ድርቤ ቁልፉን በመጥረቢያ ሰብረው አገልግሎቱን አስጀምረዋል።

በ1955 ዓ.ም. ክረምት እርሳቸው በቀየሱት መስመር ሦስት ቅዳሜ ቦይ ቆፈርን። ቦዩ የሰፈሩን ጎርፍ አንድ ሳያስቀር ሰብስቦ በምክትል ሊቀመንበሩ በአቶ ጨመዳ ቤት ውስጥ አሳለፈው። ስህተቱ በአራተኛው ቅዳሜ ታርሟል፤ አቶ ጨመዳም ከአንድ ዓመት በኋላ ሰላምታ መስጠት ጀምረዋል።

በ1957 ዓ.ም. ማዘጋጃ ቤቱ ጭቃ ሰፈር በመባል የሚታወቀው ቦታ ያለ ፈቃድ ስለተሠራ በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዲፈርስ በቁጥር 418/57 ጻፈ። ሰፈሩ በለቅሶ ተናወጠ። በስሙም የተቆጣ ብዙ ነበር፤ እኛ ራሳችንን የምንጠራው ገነት ሰፈር ብለን ነበርና። አቶ ዋጋሪ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ «ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ዝም በሉ፤ የሌለ ነገር አይፈርስም። ዛሬ መኖራችንን በማኅተም አረጋገጡልን» አሉ። በዚያው ዕለት ጭቃ ሰፈር የሚለውን ስም በጉባኤ አጸደቅን። ደብዳቤውም በመስታወት ገብቶ ተሰቀለ።

ቀጥለውም ሰፈሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ ካልታወቀ የሌላ ሰው ቤት አብሮ ሊፈርስ ስለሚችል ወሰኑ ይነገረን ሲሉ አመለከቱ። የወሰን አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው እስከ ዛሬ በማጣራት ላይ ነው፤ እግዚአብሔር ዕድሜውን ያርዝምልን።

በ1959 ዓ.ም. «በቁጥር 418/57 በታወቀው ሰፈራችን» ብለው የቧንቧ ውሃ ጠየቁ። አቶ ወልደዮሐንስ ፋይሉን ቢያገላብጡ ቁጥሩ የራሳቸው ሆኖ ተገኘ። ቦኖ ተተከለልን። ሴቶቻችን እንስራ አዝለው ከወንዝ ዳገት መውጣት ያቆሙት ያን ጊዜ ነው፤ ይህን ውለታ አንረሳም።

የመጨረሻ ጥያቄያቸው የቤት ቁጥር ነበር። የማፍረሻው ትእዛዝ እስከ ዛሬ ስላልተነሣ፣ ቁጥር የተሰጠውን ቤት ግን ማንም እንዲሁ ስለማያፈርሰው፣ ያለ ቁጥር እንቅልፍ የለም ይሉ ነበር። አራት ዓመት ጠየቁ፤ አራት ዓመትም ኮሚቴው እስኪጨርስ ይጠብቁ ተባሉ። ቁጥሩን ሳያዩ ማለፋቸው ከሁሉ በላይ ያንገበግበናል።

ለወይዘሮ ድርቤ፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። በቀብራቸው ላይ አቶ ወልደዮሐንስም ተገኝተው አልቅሰዋል። በሦስተኛው ቀን ከማዘጋጃ ቤቱ የሐዘን ደብዳቤ ደረሰ። አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ከመዝገብ ቤቱ እንደማይወጣ ከላይ ገልጸናል። ፖስታው ላይ «ለወይዘሮ ድርቤ፣ ጭቃ ሰፈር፣ የቤት ቁጥር 1» ተብሎ ተጽፏል፤ ማኅተምም አርፎበታል።

ማኅበራችን ከልብ እያመሰገነ፣ ከቁጥር 2 እስከ 63 ያለው እንዲሰጠን ዛሬ ጠዋት አመልክቷል። ማመልከቻውን የወሰዱት ወይዘሮ ድርቤ ናቸው፤ አቶ ወልደዮሐንስም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተቀብለዋቸዋል።