ስለ «ኢግረስ» ትርጉምና አጠቃቀም ለተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን

ለክቡር የፍራሽ ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት (ሰዓቱን አይቼ ስገምት፣ ምሳ ላይ)

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለምግብ ፍላጎትዎ፣ በተለይ ደግሞ ለሳንባዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ ጥጥ ጉሮሯችን ውስጥ ከመግባቱ በቀር ደህና ነን።

የምጽፍልዎ እኔ፣ እስከ ትናንት በአውራ ጣቴ ስፈርምልዎ የኖርኩት ፍራሽ ሰፊ ነኝ። ዛሬ ግን፣ ጉራ አይሁንብኝና፣ በማታ ትምህርት ቤታችን እኔን የሚያህል አንባቢ የለም። ሚስቴ እንኳ ምስክሬ ናት፤ ታፔላ ባየሁ ቁጥር ቆሜ ካላነበብኩ ስለማልራመድ አብራኝ ገበያ መሄድ ትታለች። ከሀ እስከ ፐ ከጨረስኩ በኋላ የእንግሊዝኛውንም ፊደል አንገቱን ይዤዋለሁ።

ክቡርነትዎ እንደሚያስታውሱት፣ የደህንነት ተቆጣጣሪው መጥተው ወደ መንገድ የሚያወጣው የጓሮ በር «መውጫ» ተብሎ ይጻፍበት፣ ሥራ ላይ እያለንም አይቆለፍ ብለው አዝዘው ነበር። እርስዎም ከሁለቱ ትእዛዞች ቀለል ያለውን መርጠው ጻፉበት። ያውም እንደ ሲኒማ ቤቱና እንደ ሆስፒታሉ ተራ ቃል ሳይሆን፣ በሚያብረቀርቅ የነሐስ ሰሌዳ ላይ «ኢግረስ» የሚል እንግሊዝኛ አሰቀሉልን። ተቆጣጣሪው ሲመለሱ ሰሌዳውን አይተው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እጀታውን ግን አልነኩም። ስለዚህ ክብር ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ቃሉን ገልብጬ ለመምህርታችን ብወስድላቸው እሳቸውም ወፍራሙን መዝገበ ቃላት ማውረድ ግድ ሆነባቸው። ትርጉሙ መውጣት፣ መውጫ፣ ደግሞም የመውጣት መብት ነው አሉኝ። በሕግ ወረቀትና በሕንፃ ንድፍ ላይ የሚገኝ ትልቅ ቃል ስለሆነም፣ «ከቤቴ ኢግረስ አደረግሁ» ብለህ ለጎረቤት ብታወራ ይስቁብሃል ብለው አስጠነቀቁኝ። ከዚያ ቃሉን በዓረፍተ ነገር እያስገባህ ና አሉኝ። እነሆ የቤት ሥራዬን ለእርስዎም አቀርባለሁ።

፩ኛ. «ሥራ አስኪያጃችን የኢግረሱን ቁልፍ ይዘው ምሳ ሄዱ።» ሠራተኛ በምሳ ሰዓት ወጥቶ እንዳይዘገይ በማሰብ የፊት ለፊቱንም በር ከውጭ ስለሚቆልፉልን፣ በሰዓት አክባሪነት ከኛ ጋር የሚወዳደር እንዳይኖር አድርገዋል። ለዚህ አባታዊ አሳቢነትዎ ውለታ መላሽ ያድርገን። ጋሼ ዘበኛን በበሩ ቀዳዳ ብለምናቸው፣ «ልጄ፣ ለኔ የተሰጠኝ ዱላ ነው እንጂ ቁልፍ አይደለም» አሉኝ።

፪ኛ. «እማማ ደመና በኢግረሱ ስር ተኙ።» ይህቺ ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ትፈልጋለች። እማማ ደመና የምንላቸው ጥጥ ነዳፊዋ ናቸው፤ ማታ ሲወጡ ከራስ ጸጉራቸው እስከ ጫማቸው ነጭ ስለሚሆኑ ነው። አስም አለባቸው። ባለፈው ማክሰኞ፣ በሮቹ እንደ ደንቡ ተቆልፈው፣ የውሃ ማፍያው ሽቦ ብልጭ አለና የተነደፈውን ጥጥ ያዘው። እሳቱን በመጠጥ ውሃችንና በእርጥብ ጆንያ አጠፋነው፤ ጭሱን ግን በምን እናጥፋው? ፊተኛውን በር ደበደብን፣ ኋለኛውን ደበደብን። እማማ በጓሮው በር ስር ባለችው ጣት በማታሾልክ ክፍተት አፋቸውን ደቅነው፣ መሬት ላይ ተዘርግተው፣ የመንገዱን አየር እንደ ሕፃን ሲጠቡ ቆዩ። ከራሳቸው በላይ ሰሌዳዎ ያበራ ነበር። እርስዎ ምሳዎን ጨርሰው ሲከፍቱልን፣ «ማነው ጥጡን ያረጠበው?» አሉ። ቅድሚያ የሚሰጡትን ስለሚያውቁ አደንቅዎታለሁ።

እማማ በማግስቱ ሥራ ገቡ፤ ሌላ የት ይሂዱ? እኔ ስለ ቃሉ ትርጉም ስኩራራ ሰምተው፣ «አንተ ተማርከው፤ እኔ ቀምሼዋለሁ» ብለው ሁሉንም አሳቁት። ሳቁን ሳይጨርሱ ሳል ያዛቸው።

፫ኛ. «ኢግረሱ ተከፈተ።» መምህርታችን ይህቺን አንብበው፣ «አሰካኩ ልክ ነው፤ ግን እውነት ነው?» ብለው በቀይ አሰመሩባት። ጎበዝ ተማሪ ነኝና ቀይ መስመር አልወድም። ማስተካከል የሚችል ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።

ክቡር ሆይ፣ ይህን የምጽፈው በምሳ ሰዓት፣ ሁለቱም በር ተቆልፎ፣ ማፍያው ከነሽቦው እንደተሰካ ነው። እማማ ደመና አጠገቤ ተቀምጠው ይስላሉ፤ ባሳሉ ቁጥርም ዓይናቸው ወደ በሩ ይሄዳል። ጭሱ ዳግመኛ ቢመጣ ያቺ ክፍተት ለአንድ አፍ እንጂ ለሁላችን አትበቃም። ማን ቀድሞ ይተኛባት ብለን እንድንጣላ ካላሰቡ በቀር፣ ከነገ ጀምሮ በሩ እንዳይቆለፍ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ሰሌዳው ይቆይልን፤ ያምራል።

ለሰጡን ቃል እስከ መጨረሻ እስትንፋሳችን፣ እሱም ሩቅ ላይሆን ይችላልና፣ ባለውለታዎ ሆነን የምንኖር፣
ፍራሽ ሰፊው
(በገዛ እጁ የጻፈ፣ ጣቱን ቀለም ያልነካው)

ግልባጭ፦
ለደህንነት ተቆጣጣሪው፤ በዚህ ጊዜ እጀታውን እንዲነኩ
ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በዚያችው ክፍተት ወደ መንገዱ እሰደዋለሁ፤ ያነሳው መንገደኛ ለእርስዎ ከመስጠቱ በፊት ጮክ ብሎ ያንብበው። መልስ ለመጻፍ አይድከሙ። በሩ ከውስጥም በቁልፍ ይከፈታል፤ ቁልፍ ደግሞ በክፍተቷ ያልፋል። በእማማ ደመና ማንኪያ ሞክሬ አረጋግጫለሁ። ማንኪያዋ ወጥታለች፤ እማማ ግን እዚሁ ናቸው።