ድራሙ የእኔ፣ ፎቶው የዲን

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 14፣ 1980

ዝናብ። በብረት ሠራተኞቹ አድማ የተነሳ ፋብሪካው ብረት እያለቀበት ነው። ሰንሰለት መሥራቱን ትተን ወለል ስንጠርግ ዋልን። አለቃችን፣ "ጌይነር፣ በመጥረጊያው ጥረጊበት እንጂ አትደብድቢበት" አለኝ። ለካ ወለሉን እንደ ድራም እየመታሁ ነበር።

ከሥራ በኋላ የባንዳችን የኮልድ ፈርነስ ልምምድ፣ የሠራተኞች ክበብ ፎቅ ላይ። ትሬቨር አዲስ ዘፈን ይዞ መጣ። በጊታሩ ቀድሞኝ ሊያመልጥ ይሞክራል... አያመልጥም። ኬልቪን ግጥሙን ስላልጨረሰ የከተማችንን የደድሊን አውቶቡስ ፌርማታዎች በተርታ እየጠራ ዘፈነ። ከግጥሞቹ ሁሉ የተሻለው ይኼ ነው። ናይጅል ቤዝ ጊታሩን መታ፤ አልተናገረም። ከተናገረ ሦስት ሳምንት ሆነው መሰለኝ።

ከታች የቢንጎ ቁማር የሚጫወቱት ሴትዮዎች ዝም በሉ ለማለት ጣሪያውን በእንጨት ደበደቡ። ምት አይጠብቁም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 6

ጋዜጣ ላይ ወጣን። ሁለት መስመር።

አምና ይኸው ጋዜጣ እኛን ለመሰሉት ሁሉ ስም አውጥቶ ነበር፤ "አዲሱ የብሪታንያ ሄቪ ሜታል ማዕበል"። ማዕበል መሆናችንን ከጋዜጣ ሰማን። አሁን ደግሞ ራሳችን ያሳተምናትን ትንሿን ሸክላ ሰምተው፣ "ኮልድ ፈርነስ፣ ከደድሊ። ድራሙ የሰው እግር አይመስልም" ብለዋል። ሁለቱን ትልልቅ ድራሞች በሁለት እግሬ ነው የምመታቸው።

ለእናቴ አነበብኩላት።

"ስድብ ነው ምስጋና?"

እኔንጃ። ቆርጬ ደብተሬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 23

ከለንደን ሚስተር ሌሲንግ የሚባል ሰው መጣ፣ ከሸክላ አሳታሚ ድርጅት። ሙሉ ልምምዱን ኮቱን ሳያወልቅ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ሰማ። እኔን ሁለቱ ትልልቅ ድራሞች ጋርደውኛል። ሲያልቅ ትሬቨርን ጨበጠውና፣ "ያ ድራመራችሁ ጉድ ነው! የታለ? ልጨብጠው" አለ።

ብቅ አልኩ። ላብ በላብ ነኝ።

"አንቺ... የማን እህት ነሽ?"

"የማንም።"

ኬልቪን ሳቀ። ሰውዬው አልሳቀም። ብቻ ጨበጠኝ። ሸክላ ለማሳተም ውል እንፈራረማለን አለ።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ለንደን። ስቱዲዮ። ዘጠኝ ዘፈን በሦስት ቀን። የእኔ ድራም በአንድ ቀን ተኩል አለቀ፤ የቀረውን ጊዜ ኬልቪን ጉሮሮውን ሲጠራርግ ሰማሁ። የድምፅ ባለሙያው ፈጣኑን ዘፈን መልሶ መልሶ ሰማና "ድራም እንደዚህ ሲሮጥ ሰምቼ አላውቅም" አለ። ትሬቨር በመስታወቱ ወዲያ አውራ ጣቱን ቀሰረልኝ። ከዘጠኝ ዓመታችን ጀምሮ ነው የምንተዋወቀው፤ እንዲህ ደስ ብሎት አላየሁትም።

ደስ ብሎኛል። ይኼን እዚህ መጻፍ ይቻላል።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 19

የሸክላው ልባስ ፎቶ ቀን። ስደርስ በእኔ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ዲን ይባላል። ዎልቨርሃምፕተን ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነው። ፀጉሩ እስከ ወገቡ ይወርዳል። ድራም መትቶ አያውቅም።

ሚስተር ሌሲንግ ወደ ጥግ ወሰደኝ። "ይኼን ሙዚቃ የሚገዙት ወንዶች ልጆች ናቸው፣ የእኔ እመቤት። ራሳቸውን ማየት ይፈልጋሉ። ስምሽ ከጀርባው ይጻፋል... ጂ. ሆልት ተብሎ።" ጂ. ወንድም ሴትም ይሆናል።

ትሬቨርን አየሁት። ጊታሩን እየቃኘ ነበር። ለፎቶ ጊታር አይቃኝም።

"ትሬቭ?"

"ፎቶ እኮ ነው ጌይነር። ፎቶ አይሰማም።"

ዲን የድራሙን መምቻ እንጨቶች እንደ ማንኪያ ነው የያዛቸው። ፎቶ አንሺው "ይኼማ ያሳብቃል" አለ። ማን ያሳየው? እኔ አሳየሁት። ጣቶቹን አንድ በአንድ አስተካከልኩለት። "ይቅርታ" አለኝ ቀስ ብሎ። ከክፍሉ ሁሉ እሱ ብቻ።

ባቡር ላይ አላለቀስኩም። እሺ... ትንሽ።

ረቡዕ፣ ሜይ 7

ሸክላው እየተሸጠ ነው። የቴሌቪዥኑ የሐሙስ የዘፈን ፕሮግራም ጠራን። ሸክላው ይከፈታል፣ ሰዎቹ የሚጫወቱ ይመስላሉ። የተመረጠው ፈጣኑ ዘፈን ነው።

"መምሰል ብቻ ከሆነ እኔም መምሰል አያቅተኝም" አልኩ።

ኬልቪን፣ "ሰው የለመደው የዲንን ፊት ነው። አሁን ድንገት አንቺ ብትመጪ 'ማን ናት?' ይላል" አለ።

ትሬቨርን ጠበቅኩት። ጫማውን አየ።

ድራሜን ፈታትቼ በአጎቴ መኪና ወደ ቤት ወሰድኩት። ናይጅል ትልልቆቹን ወደ ታች አወረደልኝ። "ግፍ ነው" አለ። ለዚህ ዓመት ድርሻውን ተናገረ።

ሐሙስ፣ ሜይ 15

አየነው፣ እኔና እናቴ፣ ሳህን ጭናችን ላይ አድርገን። ትሬቨር አዲስ የቆዳ ጃኬት ለብሷል። ከዚያ ዲን። እጁ ሲወርድ የእኔ ምት አልፏል። እግሩን ጨርሶ አያንቀሳቅስም። ሳሎናችን ውስጥ የሚሰማው ግን የእኔ እግር ነው። አገር ሙሉ እየሰማው።

ዘፈኑ አለቀ።

"ልጁ ፀጉሩ ያምራል" አለች እናቴ። ከዚያ ተነስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው፣ የምትወደው ድራማ ሊጀምር አምስት ደቂቃ ሲቀረው።

ሰኞ፣ ጁን 2

የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫው ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። "ድራመር። ሴት። ፈጣን።" ሻጩ ትንሽ ማብራሪያ ጨምሪበት አለኝ። "በጣም" የሚል ጨመርኩ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

ትሬቨር መጣ። ምሳ ላይ ነበርን። እናቴ የበሬ ጥብስና ድንች አቀረበችለት።

እነ ትሬቨር ኦክቶበር ላይ የአንድ ትልቅ ባንድ መክፈቻ ሆነው ሃያ ሁለት ከተማ ሊዞሩ ነው። እዚያ መምሰል የለም። ዘጠኝ ድራመር ሞክረዋል። የመጨረሻው ፈጣኑ ዘፈን መሃል ላይ እግሩን ጨምድዶት ተደግፎ ወጣ።

"ሌሲንግ እሺ ብሏል፣ ጌይነር። አንቺው ትቀመጫለሽ። ፎቶሽም ይወጣል።"

ሃያ ሁለት ከተማ... ሙሉ ሕይወቴን የፈለግኩት እሱን ነው። እዚህ አልዋሽም።

"እሱ እሺ ያለው አሁን ነው። አንተስ ያኔ ምን አልከው?"

"ምን ልበለው? ውሉን ይቀደው?"

"ያን ቀን አንዲት ቃል ብትተነፍስ፣ ሰውዬው እሺ ባይልህ እንኳ፣ ድራሜን ተሸክሜ በእግሬ እከተልህ ነበር።"

"አሁን ይቅርታ ብልሽስ?"

"እቀበልሃለሁ። አልመጣም ግን።"

ሹካውን አስቀመጠ። ዓይኑ ቀላ። እናቴ ድንች ጨመረችለት። በላው። በር ላይ አቀፈኝ፤ አቀፍኩት። ልክ ሠርቻለሁ? እኔንጃ። እኔንጃ...

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 22

ፋብሪካው ከገና በኋላ ይዘጋል። ዛሬ ደብዳቤ ሰጡን።

ዎልሶል ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ተጫወትን። ወረቀቴን አይታ የመጣችው ሎሬይን ጊታር፣ የአክስቷ ልጅ ሳንድራ ቤዝና ድምፅ። ባንዱ ገና ስም የለውም፤ ማስታወቂያው ላይ "ሦስት ሴቶች" ተብለናል። አርባ ሰው ይሆናል፤ አሥሩ የዳርት ጨዋታ ቀስት ሊወረውር የመጣ። ድራሜን መድረኩ ጫፍ ላይ ፊት ለፊት ተከልኩት። ቦታ ጠቦ ነው ብዬ ለሎሬይን ነገርኳት። ቦታ አልጠበበም።

በሦስተኛው ዘፈን ዳርቱ ቆመ። በአምስተኛው ሎሬይን ዞራ በዓይኗ ለመነችኝ። ከባንኮኒው አንድ ሽማግሌ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ፣

"ኧረ ቀስ በይ፣ አንቺ ልጅ!" ብሎ ጮኸ።

ጨመርኩ።