በክፉ ቀን የሳቀች ልጅ

ጌትዬ፣ የልቤ ሰው፣

እንደምን ከረምክ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልስ የለህም፤ የኔን ላውራህ። በሞት ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። የመካነ ሰላም ብርድ የምታውቀው ነው፤ አልጋው ግን ሰፍቶብኛል። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ ይመላለስ ነበር፤ አሁን ሁሉም ወደ ጉዳዩ ሄዷል፤ አልፈርድባቸውም። ወንበርህን ወደ መስኮቱ አስጠግቼዋለሁ፤ አላፊ አግዳሚውን እያየሁ እውላለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ተናድጄ ነው። ጻፊው እያልክ ትጨቀጭቀኝ የነበረውን የልጅነታችንን ታሪክ ጨርሼ ለአንድ አሳታሚ ሰጠሁት። አርታኢው ወደደው፤ ግን በረሃብ ዘመን ልጅ አይጫወትም፣ አንባቢም አያምንም፤ ልጅቱ ስታለቅስ ብቻ ትታይ አለኝ። ኧረ ወዲያ! እሱ ያኔ መች ተወለደና!

ልጅቱ የሚላት ታናሽ እህትህን እናኑን ነው። እንቆቅልሽ የማታ ጨዋታ ነው፤ ያን ክፉ ዓመት ግን በምሳ ሰዓት ነበር የምንጫወተው፣ ምሳ ስላልነበረ። በቀን ተጫወታችሁ ብሎ የሚቆጣን ትልቅ ሰውም አልነበረም። አንተ መልሱን እያወቅከው ትሸነፍላት ነበር። አገር ስጠኝ ስትልህ የእህል ገበያ ያለበትን መርጠህ ትሰጣታለህ፤ አንድ ቀን አጅባርን፣ ሌላ ቀን ደጎሎን። እሷም ገብታ ስንዴውን፣ ገብሱን፣ ቅቤውን በወሬ ጠራርጋ ትበላና ላንተ ገለባውን ትጥልልሃለች። በዚያ ላይ ስድቧ! እኔ ምራቄን እየዋጥኩ እስቅ ነበር። ወላሂ፣ የራበንን ያህል ስቀናል።

በልግ ሳይደርስ ሞተች።

አስተማሪ ከሆንክ በኋላ የልጆች መጽሐፍ ባነበብክ ቁጥር ታጉረመርም ነበር። ከአብዮቱ በፊት በታተሙት ልጁ ጫማው የተወለወለ፣ ኳሱ አዲስ ነው፤ ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ ክንዱን አንሥቶ መፈክር ያሰማል። እናኑ የትኛው ውስጥ ናት ትለኝ ነበር። አሁን ደግሞ ዝንብ የወረራት አጥንት አድርገው ሊያስገቧት ነው። ፎቶ የላት፤ እናትህም አባትህም የሉ። ሳቋን የምናውቀው እኔና አንተ ነበርን። አሁን እውነት እንዲህ ነበር ወይ ብዬ የምጠይቀው ሰው አጣሁ፤ አንዳንዴማ እኔው ፈጥሬው ይሆን እላለሁ። ብቻዬን መቅረቴ ያን ጊዜ ነው አንጀቴን የሚበላው።

ጽሑፉን ከአርታኢው መልሼ ወሰድኩት። የሚያሳትምልኝ እንደማላገኝ ነግሮኛል፤ ይሁን።

ትናንት የጎረቤት ልጆችን ሰብስቤ አነበብኩላቸው። የእናኑ ስድብ ላይ ስደርስ በሳቅ ፈረሱ። አንዷ ትንሽ ልጅ ተነሥታ እናኑን እንድጠራላት፣ አብራት እንድትጫወት ለመነችኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተመልሼ እንደገና አነበብኩላቸው። እስትንፋሴ እስካለች እሷንም አንተንም ለልጆቹ አነባችኋለሁ፤ አልረሳችሁም፣ ጌትዬ።